ብረቱን ማን ቆረጠለት?

ተክለ ሃይማኖት አካባቢ በቶርኖ፣ ብረት እያሽከረከረ በሚቆርጥ ማሽን፣ ነው የምተዳደረው። እናም አንድ መጽሐፍ «ይህን የፈጠረው እገሌ ነው» ሲለኝ፣ ብረቱን ማን ቆረጠለት እላለሁ።

ስኮትላንዳዊው ጸሐፊ ሳሙኤል ስማይልስ ባለውለታዬ ነው። እ.ኤ.አ. በ1859 ያሳተመው «ራስን መርዳት» በአንድ ዓመት 20 ሺህ ቅጂ ተሸጧል። ጃፓኖችም በ1871 በራሳቸው ቋንቋ አነበቡት። እኔ የምወደው ግን በ1863 ስለ ብረትና ስለ መሣሪያ ሠሪዎች የጻፈውን ነው። እንግሊዛዊው መሣሪያ ሠሪ ሄንሪ ሞድስሌይ እዚያ አለ፤ በ12 ዓመቱ ጥይት እየሞላ ሥራ የጀመረው ልጅ። ሞድስሌይ መቁረጫውን ከሠራተኛው እጅ አውጥቶ በልኩ በሚንሸራተት መያዣ ላይ አሰረው። ዛሬ እጀታውን ቀስ አድርጌ ሳዞር ብረቱ እየተጠቀለለ ይላጣል። እጄ ቢንቀጠቀጥ እንኳ መስመሩ አይጣመምም።

እንግሊዞች በሱ ቢኮሩ ይገባቸዋል። ግን የሩሲያው ንጉሥ የታላቁ ጴጥሮስ ቶርኖ ሠሪ አንድሬ ናርቶቭ እንዲህ ያለ መያዣ ቀድሞ ሠርቷል፤ ሞድስሌይ ሲወለድ ናርቶቭ ከሞተ 15 ዓመት ሆኖታል።

የእንፋሎት ሞተሩም ነገር ያው ነው፤ ፈጣሪው አንድ ሰው ብቻ ይመስላል። እንግሊዞች ዋትን፣ ፈረንሳዮች ፓፔንን ያነግሣሉ። የእንግሊዛዊው ኒውኮመን የእንፋሎት ሞተር ግን ዋት ከመወለዱ 24 ዓመት በፊት ውሃ ይስብ ነበር። የዋት ሲሊንደርም (ፒስተኑ የሚመላለስበት ቱቦ) ልክ የገባው መድፍ ቦርቧሪው ጆን ዊልኪንሰን በራሱ የመቦርቦሪያ ማሽን ሲቦረቡርለት ነው። ለኔ ይሄ ትልቅ ነገር ነው። ልክ ካልገባ እንፋሎቱ ያመልጣላ!

ቸርችል ጎዳና ላይ፣ ቴዎድሮስ አደባባይ፣ የሴባስቶፖል መድፍ ምስል ቆሟል። ባለፍኩ ቁጥር ቀና ብዬ አየዋለሁ። መድፉን ደብረ ታቦር አጠገብ ጋፋት ላይ ያሠሩት ዐፄ ቴዎድሮስ ናቸው፣ ልባችንም በሳቸው ይሞላል። የሠሩላቸው የአውሮፓ ሚሲዮናውያንም ስማቸው ተጽፏል፤ ከነሱ አንዱ ቫልድማየር ራሱ ታሪኩን ጽፎ ትቷል። ጭቃውን አቡክተው ቅርጹን የሠሩት፣ ወናፉን የነፉት፣ በ1860 ዓ.ም. ያን ግዙፍ መድፍ በገደል እየጎተቱ መቅደላ ያደረሱት የኛ ሰዎችስ? ስማቸውን የሚጠራ መጽሐፍ ለልጄ ልገዛላት እፈልጋለሁ። ኩራት ከተባለ እኔን የሚያኮራኝ እሱ ነው።

ከደብረ ታቦር ወገን የሆናችሁ፣ ቅድመ አያታችሁ ጋፋት ሠርተው ከነበረ ስማቸውንና የሚነገርላቸውን ጻፉልኝ። እሰበስባለሁ።