እማዬ የት ትተኛ?

ደላላው «ልደታ ኮንዶሚኒየም ስቱዲዮ ተገኝቷል» ብሎ ሲደውል ሱሚት የታክሲ ሰልፍ ላይ ነበርኩ። መሥሪያ ቤቴ ሜክሲኮ ነው። ልደታ ከገባሁ ታክሲ የለ፣ ሰልፍ የለ። በባቡር ሁለት ፌርማታ ነው፤ እሱንም በእግሬ እሄደዋለሁ።

ሄጄ አየሁት። አራተኛ ፎቅ። በሩን ከፍተው ሁለት እርምጃ ሲገቡ ቤቱ አለቀ። ሜትር ከሃያ አልጋዬን በሐሳቤ ግድግዳ አስጠጋሁ፣ ቁም ሳጥኑን አስገባሁ። ምጣዱ ውጭ ቀረ። ለነገሩ እንጀራ የምገዛው ከሱቅ ነው፤ ምጣዱ የሚወጣው ለዓመት በዓል ድፎ ብቻ ነው። ለእህቴ ይሁንላት።

ውሃውም በፈረቃ ነው። አንዷ ጎረቤት «ሌሊት ነቅተሽ ትቀጃለሽ» አለችኝ። ጄሪካኖቹም ቦታ ይፈልጋሉ ማለት ነው።

አልፈታ ያለኝ ግን የእማዬ ነገር ነው። በየሦስት ወሩ ከደብረ ብርሃን ጥቁር አንበሳ ለቀጠሮ ትመጣለች። ከሱሚት ስንሄድ ከሌሊቱ አሥር ሰዓት ነው የምንነሣው። ከልደታ ቢሆን ቁርሳችንን እንደ ሰው በልተን እንደርሳለን። ግን የት ትተኛ? ወለሉ ላይ ፍራሽ ከተነጠፈ የመታጠቢያ ቤቱ በር አይከፈትም። በጫማዬ ለካሁት። ደላላው ሳቀብኝ።

ደውዬ ነገርኳት።

«ቤት ተገኝቶ ነው የምታማርጪው? እኔ እንደሆን የሁለት ቀን እንግዳ ነኝ» አለች።

አከራይዋ የስድስት ወር ቅድሚያ ጠየቁኝ። «እትዬ፣ የቤት ኪራይ አዋጅ 1320/2016 እኮ ከሁለት ወር በላይ ቅድሚያ አይፈቅድም፤ ውሉም ቢያንስ የሁለት ዓመት ነው» አልኳቸው። ደላላውን አዩት። እሱ ጣሪያ ጣሪያውን አየ። «እሺ፣ አራት አድርጊው» አሉ። «ውሉን ስናስመዘግብ ምን ብለን እናስጽፍ?» ስላቸው ዝም አሉ። ቆይተው «የዘንድሮ ልጅ!» ብለው በሁለት ወር ተስማሙ።

ቅዳሜ እገባለሁ። እስከ እማዬ ቀጠሮ የሚታጠፍ ስፖንጅ ፍራሽ መግዛት አለብኝ። አልጋው የእሷ ነው። ሌሊት መታጠቢያ ቤት ካማራት ትቀሰቅሰኛለች፤ ፍራሼን አጥፌ ቆሜ አሳልፋታለሁ።