ሦስተኛ ዓመት፣ ሁለተኛ መነጽር

ኤፍ-ክላስ፣ ማለትም የረጅም ርቀት የጠመንጃ ኢላማ ውድድር፣ መተኮስ ከጀመርኩ ሦስተኛ ዓመቴ ነው። ከዴንቨር ተነስቼ ኒው ሜክሲኮ፣ ራቶን ድረስ እነዳለሁ። እዚያ በሆዴ ተኝቼ 1,000 ያርድ ላይ የቆመ ወረቀት እበሳለሁ። የአሥር ነጥቡ ክብ ስፋት 10 ኢንች ነው፤ ከእንጀራ ምጣድ በብዙ ያንሳል።

ጠመንጃው ላይ የሚገጠመውን የመጀመሪያውን ማነጣጠሪያ መነጽር ስገዛ የጠየቅኩት አንድ ነገር ብቻ ነበር፦ ስንት እጥፍ ያጎላል? 50 ሲሉኝ ከፈልኩ። ሐምሌ ላይ ግን ከመሬቱ በሚነሳው ሙቀት ኢላማው እንደ ሽሮ ተንተከተከብኝ። ወደ 28 ስመልሰው ረጋ። አሁን ትርግብግቡን አልጠላውም፤ ወዴት እንዳዘነበለ አይቼ ነፋሱን አነብበታለሁ። ከፍተኛው ማጉያ የሚጠቅመኝ ጠዋት በቅዝቃዜው ነው።

እውነተኛው ጣጣ መነጽሩን ከፍና ዝቅ አድርጎ የሚያስተካክለው ቁልፍ ላይ ነበር። ጥይት ሩቅ ሲሄድ ይወርዳል፤ የኔ 308 ካሊበር ጠመንጃ ከ100 ወደ 1,000 ያርድ ስሻገር 28 ኤምኦኤ ያህል ከፍ ማድረግ ይፈልጋል። ኤምኦኤ የማእዘን መለኪያ ነው፣ አንዱ የዲግሪ 60ኛ፤ 100 ያርድ ላይ 1.047 ኢንች ይሆናል። አንድ ሽማግሌ ተኳሽ "መጀመሪያ ፈትነው እንጂ ልጄ" አሉኝ። 100 ያርድ ላይ ረጅም ወረቀት ሰቀልኩ፣ በቱንቢ ቀጥ ያለ መስመር አሰመርኩ፣ ተኮስኩ። 30 ኤምኦኤ አዙሬ ደግሞ ተኮስኩ። 31.4 ኢንች መውጣት ሲገባው 30.2 ወጣ። 1,000 ያርድ ላይ ይሄ አንድ ጫማ ገደማ ነው።

ሁልጊዜ እኩል ቢሳሳት ኖሮ አስቤለት እኖር ነበር። በሙከራ ጥይቶቹም ይስተካከላል። ወደ ዜሮ ስመልሰው ግን ግማሽ ኢንች ወደ ጎን ሸሽቶ አገኘሁት። እሱን በምን ታምነዋለህ? ሸጥኩት ማለት ይከብደኛል፤ መሳቢያ ውስጥ ነው።

አዲሱ መነጽሬ ናይትፎርስ ኮምፒቲሽን፣ ከ15 እስከ 55 የሚያጎላው ነው። በአንድ ክሊክ የሚሄደው ስምንተኛ ኤምኦኤ ነው፤ 1,000 ያርድ ላይ 1.3 ኢንች። ሩብ ኤምኦኤ የሆነው እጥፉን ይዘላል፣ ለዚህ ስፖርት ሸካራ ይሆንብኛል። መነጽሩ ውስጥ የሚታየው ማነጣጠሪያ መስቀል ስታጎላው አብሮ አይወፍርም፤ ስለዚህ መሃሉን አይሸፍንብኝም። ርቀት እየቀያየሩ በሰዓት የሚወዳደሩት ሰዎች ግን አብሮ የሚያድገውን ይመርጣሉ፣ ትክክል ናቸው። ፓራላክሱን፣ ማለትም ዓይኔ ሲንቀሳቀስ መስቀሉ ኢላማው ላይ የሚሸሸውን፣ ሳስተካክል ቁልፉ ላይ የተጻፈውን ቁጥር አላምንም። ጭንቅላቴን ትንሽ እወዘውዛለሁ፤ መስቀሉ ኢላማው ላይ ከዋኘ ገና ነው ማለት ነው።

ይሄኛው ፈተናውን አልፏል፤ ሄዶም ተመልሷል።

አሁን የቀረኝ ሚዛኑ ነው። እኔ የምወዳደርበት የኤፍ-ክላስ ዘርፍ፣ ኤፍ-ቲአር፣ ጠመንጃው ከነመነጽሩና ከነባይፖዱ (ባለ ሁለት እግር መደገፊያው) ከ8.25 ኪሎ እንዳይበልጥ ያዛል። ትናንት ማታ ማእድ ቤት ውስጥ መዘንኩት፦ 8.31። ዛሬ ከሰደፉ ውስጥ ለክብደት የገባውን የእርሳስ ብረት እየፈታሁ ነው።