ደንገጎ ላይ የሚመዘን መኪና

ስለ መኪና በተነሣ ቁጥር በመጀመሪያ የሚጠየቀው የፈረስ ጉልበቱ ነው። በከዚራ ሰፈር የዛፍ ጥላ ሥር ሻይ እየጠጡ የሚከራከሩ የድሬዳዋ ወዳጆቼ ስለ ቪኤይት (ባለ ስምንት ሲሊንደር) ሞተር ሲያወሩ ያመሻሉ እንጂ መኪናው ስንት ኪሎ እንደሚመዝን ሲጠያየቁ ሰምቼ አላውቅም። እኔ ግን ከድሬዳዋ ሐረር በተመላለስኩባቸው ዓመታት ለነጂው ደስታ ክብደት ከጉልበት ይበልጥ ወሳኝ መሆኑን አምኛለሁ። ይህንንም ያስተማረኝ አጎቴ ሐረር ላይ ታክሲ ይሠራበት የነበረውና ቤተሰባችን እስካሁን ያልሸጠው ፔጆ 404 ነው።

ይህ ሞዴል ለገበያ የቀረበው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1960 ሲሆን፣ 1.6 ሊትር ሞተሩ የሚያወጣው ጉልበት 70 ፈረስ ገደማ ነው። ቁጥሩ ዛሬ ያስቃል፤ ሆኖም መኪናው ከአንድ ቶን ብዙም ስለማይበልጥ የምሥራቅ አፍሪካን የሳፋሪ ውድድር በ1963፣ በ1966፣ በ1967 እና በ1968 አሸንፏል። መሪው ምንም አጋዥ የለውም። ጠጠር የተበተነበት ኩርባ ውስጥ ስገባ የፊት ጎማዎቹ መያዣ ማጣት ሲጀምሩ መሪው መዳፌ ላይ በድንገት ቀለል ይልብኛል፤ መኪናው ከመንሸራተቱ በፊት እጄ ስለሚያውቅ ነዳጁን ትንሽ ለቀቅ ማድረግ ብቻ ይበቃኛል።

ድሬዳዋ ከባሕር ጠለል በላይ 1,200 ሜትር ገደማ ላይ ስትገኝ፣ ወደ ሐረር የሚወስደው የደንገጎ ዳገት መንገድ ሽቅብ ይዞ ከሐረርም ከፍታ በላይ ያወጣል። ተርቦ (አየር አምቆ ወደ ሞተር የሚያስገባ መሣሪያ) የሌለው ሞተር አየሩ በሳሳ ቁጥር የሚያገኘው ኦክስጅን ስለሚቀንስ፣ በየ1,000 ሜትሩ ከጉልበቱ አንድ አሥረኛ ያህሉን ያጣል፤ ስለዚህ 2,000 ሜትር ላይ ሲደርስ አንድ አምስተኛው የለም ማለት ነው። ክብደቱ ግን ከታች እንደተነሣ ሙሉውን ይዞ ይወጣል።

ባለፈው ዓመት አንድ ወዳጄ ቪኤይቱን አውሶኝ ነበር። ሲወጣ፣ እውነቱን ለመናገር፣ ደስ ይላል፤ ከጅቡቲ የሚመጣን ተሳቢ ዳገት ላይ ለማለፍ እንደ እሱ ያለ የለም። ወደ ድሬዳዋ ስመለስ ግን እንደ ፔጆው ማርሽ ቀንሼ መውረድ ሲገባኝ በፍሬን ብቻ ወረድኩና ግማሽ መንገድ ላይ የተቃጠለ የፍሬን ሸራ ሽታ ገባኝ። ጥፋቱ የእኔ ነበር። ከሁለት ቶን ተኩል በላይ የሚመዝን መኪና በዚያው ቁልቁለት ሲወርድ ፍሬኑ ወደ ሙቀት መለወጥ ያለበት ኃይል ከፔጆው ከሁለት እጥፍ በላይ መሆኑን ረስቼ፣ መንገድ ዳር ቆሜ ፍሬኑ እስኪቀዘቅዝ ስጠብቅ የጫት መኪኖች በአጠገቤ እየተምዘገዘጉ አለፉ። (እነሱ የሚነዱት በየትኛው የፊዚክስ ሕግ እንደሆነ ፈጣሪ ይወቀው።)

የስፖርት መኪና ሠሪዎችም የሚለያዩት እዚሁ ላይ ነው። በ1996 የወጣው ሎተስ ኢሊዝ 725 ኪሎ ገደማ ስለሚመዝን 118 የፈረስ ጉልበት በቂው ነበር። በ2005 የቀረበው ቡጋቲ ቬይሮን ግን 1,001 ፈረሶቹን ለማቀዝቀዝ ብቻ 10 ራዲያተር ተሸክሞ ወደ 1.9 ቶን ተጠግቷል። ጉልበት ሲጨመር ትልቅ ፍሬን፣ ሰፊ ጎማና ጠንካራ ካምቢዮ ይከተላል፤ እነዚህ ደግሞ ክብደት ይጨምሩና መልሰው ሌላ ጉልበት ይጠይቃሉ። ጎማ የሚሸከመው በጨመረ መጠን መንገድ የመያዝ አቅሙ በዚያው ልክ ስለማያድግ፣ ኩርባ ላይ ከባዱ መኪና ዕዳውን ጨርሶ አይከፍልም። ቬይሮን በወጣበት ጊዜ ቀጥ ባለ መንገድ ላይ ወደር አልነበረውም፤ በደንገጎ ጥምዝምዝ ግን ከሺህ ፈረስ ውስጥ ስንቱን መርገጥ እንደሚቻል እጠራጠራለሁ።

አጎቴ ይህን ሁሉ ስሌት አያውቀውም። ባለፈው ወር አብረን ስንወጣ ራዲያተሩ ቢፈላ ብዬ ሁለት ጀሪካን ውኃ ጭኜ ነበር። የኋላ ኮፈኑን ከፍቶ አየና፣ «ልጄ፣ ይህን ሁሉ ጓዝ ማን ተሸክሞ ሊወጣልህ ነው?» ብሎ አንዱን ጀሪካን ደጃፉ ላለው የኒም ዛፍ አፈሰሰው፤ ጣሪያው ላይ ያለውን ባዶ የፖርቶ መጋላ ብረትም ፈትቶ ግቢ ውስጥ አስቀመጠው። ደንገጎ ጫፍ ስንደርስ የቀረውን ጀሪካን አልከፈትነውም ነበር።