ያለ አፈር ሰላጣ፦ ከማዳበሪያው ይልቅ ያስቸገረኝ አየሩ ነው

ከጥር ወር መጀመሪያ ጀምሮ አዲስ አበባ ውስጥ በምኖርበት ኮንዶሚኒየም በረንዳ ላይ በባልዲ ውሃ ሰላጣ ሳለማ ቆይቻለሁ። የመጀመሪያው ዙር ተበላሽቶ ሁለተኛው ለማዕድ በቅቷል። በሁለቱ መካከል የለወጥኩት ማዳበሪያውን ሳይሆን የአየሩን አሠራር ስለሆነ፣ ይበልጥ የማተኩረው እሱ ላይ ነው።

ክዳን ያለው ባለ 20 ሊትር ባልዲ ገዝቼ፣ ክዳኑን በእርጎ ኩባያ ልክ አራት ቦታ ቀደድኩት። የኩባያዎቹን ታችና ጎን በጋለ ምስማር በሳስቼ፣ ቀይ አሽ በወንፊት ነፍቼና ውሃው መቅላቱን እስኪተው ድረስ አጥቤ ሞላሁባቸው (አሽ ማጠብ ሙሉ ቅዳሜን እንደሚበላ ማንም አልነገረኝም ነበር)። ባልዲው ነጭ ስለነበረ ብርሃን ገብቶ ውሃው አልጌ እንዳያበቅል በጥቁር ፕላስቲክ ጠቀለልኩት። ማዳበሪያው በሁለት ጠርሙስ የሚመጣው ዓይነት ሲሆን፣ ሁለቱን ሳይቀጥኑ መቀላቀል አይገባም፤ በአንደኛው ያለው ካልሲየም በሌላው ካለው ሰልፌትና ፎስፌት ጋር ተጣምሮ ነጭ ዝቃጭ ይሆንና ተክሉ ሳይጠቀምበት ታች ይቀራል። የውሃውን ፒኤች (የአሲድነቱን መለኪያ) ከ5.5 እስከ 6.5 ባለው መካከል ለማቆየት ሎሚ ሞክሬ ነበር፤ ይሠራል፣ ነገር ግን በሁለት ቀን ውስጥ ተመልሶ ከፍ ይላል።

ሥር እንደ እኛ ኦክስጅን ይተነፍሳል፤ አፈር ውስጥ በቅንጣቶቹ መካከል ካለው ክፍተት የሚያገኘውን አየር፣ ባልዲ ውስጥ ግን ውሃው ውስጥ ከሟሟው ብቻ ነው የሚያገኘው። በባሕር ጠለል ላይ 20 ዲግሪ ሴልሺየስ የሆነ ውሃ በሊትር 9 ሚሊ ግራም ያህል ኦክስጅን መያዝ ሲችል፣ 2,400 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ባለችው አዲስ አበባ የአየሩ ግፊት ዝቅተኛ በመሆኑ ይኸው ውሃ ከ7 ሚሊ ግራም በታች ነው የሚይዘው። ውሃው ሲሞቅ ደግሞ ይህም ይቀንሳል፤ የእኔ ባልዲ የከሰዓት ፀሐይ ሲያገኘው 26 ዲግሪ ደርሶ ለክቼዋለሁ።

ለዚህ ብዬ ከዓሣ ማርቢያ ዕቃ መሸጫ ትንሽ የአየር ፓምፕና አረፋ የሚያወጣውን ድንጋይ ገዝቼ፣ ፓምፑን መሬት ላይ አስቀመጥኩት። በሦስተኛው ሳምንት አንድ ሌሊት መብራት ጠፋ። ጠዋት ስነሳ የበረንዳው ወለል ረጥቧል፣ ባልዲው እስከ ግማሹ ጎድሏል፣ ፓምፑም ውሃ ገብቶበት ተበላሽቷል። ግፊቱ ሲቆም ውሃው በዚያው ቀጭን ቱቦ ተመልሶ ከሱ ዝቅ ብሎ ወደተቀመጠው ፓምፕ ወርዶ ኖሯል።

የከፋው ስሕተት ግን ከዚያ በኋላ የሠራሁት ነው፦ ተጠምተዋል ብዬ ባልዲውን እስከ አፉ ሞላሁት። ሌላ ፓምፕ እስካገኝ አራት ቀን አለፈ። ክዳኑን ሳነሣ ነጭ የነበረው ሥር ቡናማ ሆኖ፣ በጣቴ ስነካው ልጡ እንደ ንፍጥ እየተላጠ መሐሉ ላይ ክር የመሰለ ነገር ብቻ ቀረ፤ ሽታው የተዘጋ ቦይ ሽታ ነበር። ባልዲውን እንደጎደለ ብተወው ኖሮ የላይኛው ሥር እርጥብ አየር ውስጥ ተንጠልጥሎ ይተርፍ ነበር ብዬ አምናለሁ፤ የሃዋይ ዩኒቨርሲቲው በርናርድ ክራትኪ ያስተዋወቁት ያለ ፓምፕ የማልማት ዘዴም የቆመው በዚሁ በውሃውና በክዳኑ መካከል በሚቀረው የአየር ክፍተት ላይ ነው።

በሁለተኛው ዙር ፓምፑን ከውሃው ከፍ አድርጌ ግድግዳ ላይ ሰቀልኩት፣ ቱቦው መሐል ላይም ውሃው ወደ ፓምፑ እንዳይመለስ የሚያግድ ቼክ ቫልቭ አስገባሁ። ቫልቩን ከመግጠማችሁ በፊት በአፋችሁ ንፉበት፤ በአንድ ወገን ብቻ ነው የሚያሳልፈው፣ ከተገለበጠ ደግሞ አረፋ አይኖርም። ሥሩ ከኩባያው ወጥቶ ሲረዝም ውሃውን ከኩባያው ታች አምስት ሴንቲ ሜትር ያህል ዝቅ አደረግኩት። ድንጋዩ ነጭ ቅርፊት ይዞ አረፋው ሲቀንስ ኮምጣጤ ውስጥ አሳድሬ መለስኩት። በዚህ ዙር መብራት ሁለት ጊዜ ቢጠፋም፣ አንዴም ሌሊቱን ሙሉ፣ ሥሩ ነጭ እንደሆነ ቆይቶ በስድስተኛው ሳምንት የውጭ ቅጠሎቹን መቁረጥ ጀመርኩ።

አሁን ከጎኑ ያለ ፓምፕ፣ በክፍተቱ ብቻ የሚሠራ ሌላ ባልዲ አቁሜያለሁ። ዛሬ 18ኛ ቀኑ ነው፤ ቅጠሉ በዚሁ ዕድሜው ከነበረው ከባለ ፓምፑ በሁለት ጣት ያህል ያንሳል፣ ሥሩ ግን ነጭ ነው።