ተመልሶ የተጨመቀ ስምጥ ሸለቆ፦ በሞሮኮ አትላስ ተራሮች ላይ

ከማራካሽ ወደ ዋርዛዛት የሚወስደው መንገድ 2,260 ሜትር ከፍታ ላይ ወዳለው ቲዚ ንቲሽካ በር እየተጠማዘዘ ሲወጣ ቀያይ የአሸዋ ድንጋዮችና ጥቁር ባዛልት፣ ማለትም የረጋ ቅልጥ አለት፣ ያጋጥማሉ። አሸዋው የተጠራቀመው በትራያሲክ ዘመን ሲሆን ባዛልቱ የፈሰሰው ከ201 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት ነው። ያኔ እዚህ ቦታ የነበረው ተራራ ሳይሆን ምድር እየተለጠጠች የምትሰምጥበት ሸለቆ ነው። ጣርማ በር ላይ ቆሞ ወደ ደብረ ሲና ቁልቁል ያየ ሰው ስምጥ ሸለቆ ሲከፈት ምን እንደሚመስል ያውቃል፤ እኔ ወደ ሞሮኮ የሄድኩት የተከፈተው ተመልሶ ሲጨመቅ የሚሆነውን ለማየት ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። አፍሪካና ሰሜን አሜሪካ ሲለያዩ መለጠጡ በብዙ ቅርንጫፍ ጀመረ፤ በስተምዕራብ ያለው ቅርንጫፍ ሰፍቶ አትላንቲክ ውቅያኖስ ሲሆን የአትላሱ ግን ውቅያኖስ ሳይወልድ ቆመ። ከብዙ ሚሊዮን ዓመታት በኋላ አፍሪካ ወደ አውሮፓ መገፋት ስትጀምር ግፊቱ ሁለቱን አህጉራት ከሚሸከሙት የምድር ቅርፊት ሰሌዳዎች ድንበር በመቶዎች የሚቆጠር ኪሎ ሜትር ወደ ደቡብ ዘልቆ፣ ሌላውን ምድር ብዙም ሳይነካ፣ ይህንኑ የተተወ ሸለቆ አጠፈው። ቶብካል በ4,167 ሜትር የሰሜን አፍሪካ ከፍተኛ ጫፍ የሆነበት ሰንሰለት ከአህጉሩ ውስጥ በዚህ መስመር የተነሣው፣ የምድር ቅርፊት እዚህ አስቀድሞ ተሰነጣጥቆና ደክሞ ስለነበረ ነው።

ከበሩ ወረድ ብሎ ወደ ቴሉዌት የሚገነጠለውን መንገድ ያዝን። መንደሩ ኤል ግላዊ በሚባሉ ባላባቶች ቤተ መንግሥት ፍርስራሽ ይታወቃል፤ እኔን ያጓጓኝ ግን በአቅራቢያው ከጥንት ጀምሮ የሚቆፈረው ጨው ነበር። የባሕር ውኃ ወደ ሰመጠው ሸለቆ እየገባ ሲተን የቀረ ነው፤ የዳናክሉም ጨው የተጠራቀመው በተመሳሳይ መንገድ መሆኑን ለሾፌራችን ስነግራቸው፣ «እንግዲያው እናንተም ባሕር ሊመጣባችሁ ነው» ብለው ሳቁ። ይህ ጨው በኋላ ለተራራው መታጠፍ ትልቅ ድርሻ ነበረው፤ ለስላሳና ተንሸራታች ስለሆነ በደቡቡ ጠርዝ ከላዩ ያሉት የድንጋይ ንጣፎች በእሱ ላይ ተንሸራተው ወደ ዋርዛዛት ሜዳ ተገፍተዋል።

ቀጥለን ወደ ምሥራቅ፣ በቲንጊር በኩል ወደ ቶድራ ገደል ሄድን። ወንዙ የሰነጠቀው የኖራ ድንጋይ ግድግዳ በግራና በቀኝ ወደ 300 ሜትር ይቆማል፤ ቱሪስቱ ሁሉ አንገቱን ቀና አድርጎ ፎቶ ያነሳል። ድንጋዩ ከትራያሲክ ቀጥሎ በመጣው በጁራሲክ ዘመን ባሕር ሥር የተጠራቀመ ነው። በማዕከላዊው አትላስ ውስጥ የዚህ ዘመን ክምችት በሺዎች የሚቆጠር ሜትር ውፍረት ሲኖረው ከሰንሰለቱ ውጭ ግን ይሳሳል ወይም ጨርሶ ይጠፋል። ለእኔ ከገደሉ ውበት የሚበልጠው ማስረጃ ይህ ነው፤ ዛሬ ከሁሉ ከፍ ያለው ቦታ ያን ጊዜ ከሁሉ ዝቅ ያለው ነበርና።

በመለጠጥ የተፈጠሩ ስንጥቆች ብዙውን ጊዜ ወደ 60 ዲግሪ የሚጠጋ ተዳፋት አላቸው፤ ምድር ስትጨመቅ የምትፈጥራቸው አዳዲስ ስንጥቆች ግን 30 ዲግሪ ገደማ ናቸው። ስለዚህ ቀጥ ባለው አሮጌ ስንጥቅ ላይ ድንጋዩን ወደ ላይ ማስኬድ ለግፊቱ ቀላል መንገድ አይደለም፤ ሆኖም አንዴ የተፈጨው ድንጋይና በውስጡ ያለው ሸክላ፣ በግፊት የተያዘውም ውኃ፣ ካልተነካው አለት ይልቅ ቶሎ እንዲላቀቅ ያደርጉታል። እጅግ ቀጥ ባለበት ቦታ ደግሞ ዝቅ ያለ አዲስ ስንጥቅ ጥጉን ቆርጦ ያልፋል። የሚያስገርመው፣ የኋለኛው ግፊት የቀድሞውን መስመጥ ሙሉ በሙሉ ሳይሽር በሚቀርበት ጊዜ፣ በአንዱ ስንጥቅ ላይ የታችኞቹ ንጣፎች እንደ ሰመጡ ሲታዩ የላይኞቹ ከፍ ብለው መታየታቸው ነው፤ ይህን ሳያውቅ ካርታ የሚያነብ ሰው ስንጥቁ ሁለት ይመስለዋል።

ስንመለስ በታሩዳንት በኩል ዞረን በቲዚ ንቴስት በር አለፍን። ጳጉሜን 3 ቀን 2015 ዓ.ም. ሌሊት በዚህ አካባቢ 6.8 የተለካ ርዕደ መሬት ደርሶ ከ2,900 በላይ ሰዎች ሞተዋል፤ የ12ኛው ክፍለ ዘመኑ የቲንመል መስጊድም ክፉኛ ተጎድቷል። በመንገዱ ዳር ጣሪያቸው የወደቀ የጭቃ ቤቶች አየሁ፤ ስለ ስንጥቆች ለመጠየቅ የሚያስደፍር ቦታ አልነበረም። እንቅስቃሴው በመጨመቅ የሚፈጠር፣ አንዱን ወገን በሌላው ላይ የሚያወጣ ዓይነት ነበር። መሰንጠቁ እስከ ምድር ገጽ ስላልደረሰ ጥናቶቹ በሁለት ተከፍለዋል፤ ገሚሶቹ ወደ ደቡብ ዝቅ ብሎ የሚያዘነብል ስንጥቅ ነው ሲሉ፣ ሌሎቹ ደግሞ ወደ ሰሜን ቀጥ ብሎ የሚወርደውን፣ ስሙን ከዚሁ በር ያገኘውን የቲዚ ንቴስት አሮጌ ስንጥቅ ይጠቁማሉ።