ከድሬዳዋ ውሃ ጋር እንዴት ተስማማሁ

ድሬዳዋ የኖረ ሰው ይሄን ነገር ያውቀዋል። ማንቆርቆሪያው ውስጥ ነጭ ቅርፊት ይጋገራል። የቧንቧው አፍ ነጭ ነገር ያወጣል። አጥባችሁ የደፋችሁት ብርጭቆ ሲደርቅ ነጠብጣብ በነጠብጣብ ይሆናል። የከተማው ሰው "ውሃው ጨው አለው" ይልና ኑሮውን ይቀጥላል። እኔ ግን ያደግኩት አዲስ አበባ፣ የገፈርሳና የለገዳዲ ውሃ ስጠጣ ነው፤ ለስራ ድሬ ስገባ የቤት እቃው ሁሉ እንዲህ ሲነጣ ዝም ብዬ ማየት አልቻልኩም። ስለዚህ ነገሩን ከስሩ ለማወቅ ተነሳሁ።

ምክንያቱ መሬቱ ነው። ከተማዋ የምትጠጣው የጉድጓድ ውሃ ነው፣ የሳቢያን ጉድጓዶች ስም ያልሰማ የለም። ዙሪያው ደግሞ የኖራ ድንጋይ ነው። ሲሚንቶ የሚሰራው ከዚሁ ድንጋይ ስለሆነ ነው ድሬ ከጥንት ጀምሮ የሲሚንቶ ፋብሪካ ያላት። ዝናብ በዚህ ድንጋይ መሃል ሲሰርግ ካልሲየምና ማግኒዥየም አሟሙቶ ይዞ ይወርዳል፣ እኛ ጋ ሲደርስ ውሃው ጥርት ያለ ቢመስልም ድንጋዩን በሆዱ ይዞ ነው። ሲሞቅ ወይም ሲተን ካልሲየሙ ተመልሶ ድንጋይ ይሆንና ያገኘው ነገር ላይ ይለጠፋል። ይሄን ካወቃችሁ የት እንደሚጋገር ለመገመት አትቸገሩም፦ እሳት ያለበት ቦታና ውሃ የሚደርቅበት ቦታ ነው።

የጀመርኩት ከኤሌክትሪክ ማፍያው ነው። ቅርፊቱ ሲወፍር ሙቀቱን ይከለክላል፣ ውሃው ለመፍላት ይዘገያል፣ መብራት ይበላል፣ መጨረሻ ላይ ማሞቂያው ይቃጠላል። ብዙ ሰው በቢላ ሲፍቀው አይቻለሁ። እባካችሁ ተዉት፤ ብረቱን ይጭረዋል፣ ከዚያ በኋላ የተጫረው ቦታ ላይ የበለጠ ይይዛል። መድኃኒቱ አቼቶ ነው። ግማሽ ውሃ፣ ግማሽ አቼቶ አድርጌ አሞቀዋለሁ፣ ከሶኬቱ ነቅዬ እተወዋለሁ። ጆሮ ጠጋ ካደረጋችሁ ሽሽሽ የሚል ድምፅ ይሰማል። ቅርፊቱ ላይ ጥቃቅን አረፋ ይነሳል፣ ዳር ዳሩ መጀመሪያ ይለቃል፣ ቀጥሎ እንደ እንቁላል ቅርፊት ቁርጥራጭ እየሆነ ይንሳፈፋል። ደፍታችሁ ንጹህ ውሃ አንዴ ሁለቴ አፍልታችሁ ድፉ፣ ሽታው ይጠፋል። አቼቶ ከሌለ ሎሚ ጭመቁበት፣ ያው አሲድ ነው። ዋናው ነገር ሳይወፍር መድረስ ነው፤ ስስ ሆኖ ሳለ ትንሽ ሎሚ ይበቃዋል፣ ድንጋይ ከሆነ በኋላ ግን ጠርሙስ ሙሉ አቼቶም ይፈጃል።

ሻወሩም ያው ነው። ቀዳዳዎቹ ግማሹ ሲደፈኑ ውሃው ወደ ግድግዳው ይረጫል። አቼቶ ፌስታል ውስጥ ጨምሬ፣ የሻወሩን ራስ እስኪሰጥም ድረስ ከትቼ፣ አንገቱ ላይ በላስቲክ አስረዋለሁ። ጥቂት ሰዓት ይበቃል፤ ቀለም የተቀባ ወይም የሚያብለጨልጭ ሽፋን ያለው ከሆነ ከዚያ በላይ አታቆዩት። የቧንቧው ጫፍ ላይ ያለችውን ትንሽ ወንፊትም ፈትታችሁ ንከሩት። ውሃ ቀነሰ ብላችሁ ባለሙያ ከመጥራታችሁ በፊት እሷን እዩ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ጮክ ብዬ ልናገር፦ አቼቶንም ሆነ ሎሚን ከበረኪና ጋር እንዳትቀላቅሉ። መርዛማ የክሎሪን ጋዝ ይወጣል፣ በተለይ በር በተዘጋ ሻወር ቤት ውስጥ አደገኛ ነው። እብነ በረድ ላይም አቼቶ አታፍስሱ፣ እሱም ካልሲየም ስለሆነ ይበላዋል። የአሉሚኒየም ድስት ውስጥም አታሳድሩት።

ልብስ ላይ ያለው ጣጣ ሌላ ነው። በደረቅ ሳሙና ስታጥቡ አረፋው አልነሳ ይላል፣ ውሃው ላይ ግራጫ እርጎ የመሰለ ነገር ይንሳፈፋል። ሳሙናው ከካልሲየሙ ጋር ተያይዞ ነው እንደዚያ የሚሆነው፤ ያ ነገር ጨርቁ ውስጥ ይገባና ነጭ ሸሚዝን ያደበዝዛል፣ ፎጣን ያሻክራል። ሳሙና መጨመር ብር ማባከን ነው። የዱቄት ሳሙና ይሻላል፣ ምክንያቱም ካልሲየሙን የሚይዝለት ነገር ተጨምሮበታል። ለጸጉርም እንዲሁ ሻምፑ ከደረቅ ሳሙና ይሻላል። ዝናብ ሲዘንብ ደግሞ የጣሪያ ውሃ በበርሜል አጠራቅሜ ነጭ ልብስ የማጥበው በእሱ ነው። ማመን የፈለገ ይሞክረው፦ አንዱን የላስቲክ ጠርሙስ የቧንቧ ውሃ፣ ሌላውን የዝናብ ውሃ ይሙላ፣ እኩል ሳሙና ፈቅፍቆ ይናጣቸው። የዝናቡ ወዲያው አረፋ በአረፋ ይሆናል፣ የቧንቧው ደፍርሶ ይቀራል።

ወጥ ቤት ውስጥ ሽምብራና ባቄላ አልበስል ማለቱ የእህሉ ጥፋት ብቻ አይደለም። ካልሲየም ልጣጩን ያጠነክረዋል። ሻሂ ላይም ሲቀዘቅዝ ቀጭን ቡናማ ቆዳ ይሰራል፤ ሎሚ ጠብ ካደረጋችሁበት አይሰራም። ለእነዚህ የምጠቀመው የፈላና የሰከነ ውሃ ነው። ማታ ትልቅ ድስት ውሃ በደንብ አንተከትካለሁ፣ ከድኜ አሳድረዋለሁ፣ ጠዋት ነጩ ዱቄት ስር ይቀመጣል። ላዩን ሳላናውጥ ቀስ ብዬ እቀዳና የታችኛውን እደፋለሁ። ሁሉንም አያወጣውም፣ በመፍላት የማይለቅ ዓይነትም አለ፣ ግን ልዩነቱ ይታያል። የሸክላ ጀበና ውስጥም ይሄንኑ ነው የምጨምረው፣ ምክንያቱም ሸክላ አቼቶ ከጠጣ ሽታው አይለቅም።

ስለ ጤናው ሰው ሁሉ የሚጠይቀው ኩላሊት ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ለዚህ ዓይነቱ ካልሲየም የጤና ገደብ አላወጣም፤ በካልሲየም ካርቦኔት ሲለካ በሊትር ከ200 ሚሊግራም ገደማ በላይ ሲሆን ቧንቧና ማጠራቀሚያ ላይ ይጋገራል ነው የሚለው። ድሬ ላይ እኔን የሚያሳስበኝ ሌላ ነው፦ ሰው "ጨው አለው" ብሎ ውሃ መጠጣት ይቀንሳል። በዚያ ሙቀት ላቡ እየፈሰሰ ውሃ ያልጠጣ ሰው ሽንቱ ይወፍራል፣ ጠጠር የሚወደው ደግሞ ያንን ነው። ጣዕሙ ካልጣማችሁ አፍሉት፣ አቀዝቅዙት፣ ሎሚ ጨምሩበት፣ ግን ጠጡ አቦ።

አንድ ሱቅ የሸክላ ሻማ ያለው ማጣሪያ "ጨውን ሙልጭ አድርጎ ያወጣል" ብሎ ሊሸጥልኝ ነበር። አያወጣም። እሱ ደለልና ጀርም ይይዛል እንጂ የሟሟ ካልሲየም ያልፈዋል። ካልሲየም የሚያወጡት ሁለት ናቸው፦ በገበታ ጨው እየታደሰ ካልሲየምን በሶዲየም የሚለውጠው መሳሪያና በግፊት በስስ ሽፋን የሚያጣራው። የመጀመሪያው ሶዲየም ስለሚጨምር ደም ግፊት ያለበት ሰው ሐኪሙን ይጠይቅ። ሁለተኛው ከሚያጣራው ሌላ ብዙ ውሃ ይደፋል፤ ውሃ በፈረቃ ለሚመጣበት ሰፈር እኔ አልመክረውም።

ቤት እየሰራችሁ ያላችሁ፣ የብረት ቧንቧ ግድግዳ ውስጥ አትቅበሩ። አከራዬ አሮጌውን ሲያስቆርጡ አይቼዋለሁ፣ አውራ ጣት የሚያስገባው ቧንቧ እርሳስ የማታልፍበት ሆኗል። የላስቲክ ቧንቧ አስገቡ፣ ሮቶው ላይም ከስር ማጠቢያ መክፈቻ አስደርጉ፣ ስሩ የሚዘቅጠው ነጭ ዝቃጭ በዚያ ይውጣ።