ፊደል ጨርሶ የመጣ ልጅ

ሐሙስ፣ መስከረም 22 ቀን 2018 ዓ.ም.

ትምህርት ከተጀመረ ሦስተኛ ሳምንታችንን ይዘናል፤ የመስቀል በዓልም አልፏል፤ እኔ ግን የ1ኛ ክፍልን የአማርኛ መማሪያ መጽሐፍ ገና አላስከፈትሁም። ርዕሰ መምህራችን ትናንት የሳምንቱን ዕቅድ ሲያዩ ይህንኑ ጠየቁኝ። በዓመታዊው ዕቅድ መሠረት እስካሁን የመጀመሪያውን ምዕራፍ ማጋመስ ነበረብኝና ጥያቄያቸው ተገቢ ነው። በር ላይ ቆሜ የሰጠኋቸው መልስ አጭር ስለ ነበር ሙሉውን እዚህ ማስፈር ፈለግሁ።

ዘንድሮ የተመደቡልኝ ልጆች 46 ናቸው። አብዛኞቹ መዋዕለ ሕፃናት ስለ ቆዩ በምዝገባው ቀን ከወላጆቻቸው የሰማሁት ነገር አንድ ዓይነት ነበር፤ «ፊደል ጨርሷል»፣ «ፊደል ጨርሳለች»። እውነትም «ሀ ሁ» ብዬ ስጀምርላቸው ክፍሉ በአንድ ድምፅ ተቀብሎ እስከ «ፖ» ድረስ ሳያቋርጥ ይወርደዋል። ዜማው ያምራል። በተከፈተው መስኮት ወጥቶ ወደ አራት ኪሎ የሚወስደው መንገድ ላይ ሲደርስ፣ ቆም ብለው የሚያዳምጡ አላፊ አግዳሚዎችን አይቻለሁ። እኔም ለብዙ ዓመታት ይህን ድምፅ ስሰማ ልጆቹ ያነብባሉ ብዬ አምን ነበር። ነገር ግን 46 ሕፃናት አብረው ሲያዜሙ፣ አጠገቡ ያለውን ልጅ አፍ እያየ ትንሽ ዘግየት ብሎ የሚከተለውን አንዱን ልጅ ለይቶ መስማት አይቻልም፤ ያ ልጅ ደግሞ እንዲሁ እየተከተለ ዓመቱን ሊጨርስ ይችላል።

ስለዚህ በመጀመሪያው ሳምንት አንድ ካርቶን ቆርጬ፣ አንድ ፊደል ብቻ የሚያሳይ ቀዳዳ መሐሉ ላይ አበጀሁና ልጆቹን ተራ በተራ ወደ ፊደል ገበታው እየጠራሁ አስነበብኋቸው። አምስተኛ ሆኖ የመጣው ልጅ በዜማው ከሁሉም ጮክ ብሎ የሚመራው ነበር። ካርቶኑን «ጉ» ላይ አኖርሁለት። ልጁ በቀዳዳው ውስጥ ያለውን ፊደል አላየም፤ ያየው ካርቶኑ በገበታው ላይ ያረፈበትን ቦታ ነው። ከንፈሩን እያንቀሳቀሰ፣ ጣቱን በአየር ላይ እያወረደ፣ ከሀ ጀምሮ የየረድፉን መጀመሪያ ቆጥሮ ወረደ። ሃያ ስድስተኛው ረድፍ ላይ ሲደርስ ወደ ጎን ዞረና «ገ፣ ጉ» ብሎ ቆመ፤ ከዚያም «ጉ!» አለ። መልሱ ትክክል ነበር። ካርቶኑን አንሥቼ ያንኑ «ጉ» ባዶው ሰሌዳ ላይ ብቻውን ጻፍሁለት። ግራውን አየ፣ ቀኙን አየ፣ ከበላዩም ፈለገ፤ በመጨረሻ ወደ እኔ ዞሮ በፍጹም ቅንነት «ቲቸር፣ ይቺን አልተማርናትም» አለኝ።

ከ46ቱ ልጆች መካከል ፊደሉን ከቦታው አውጥቼ ስጠይቃቸው በእርግጠኝነት የመለሱልኝ አሥራ አንዱ ብቻ ናቸው።

ሠላሳ ሦስቱ ፊደላት በሰባት ሲባዙ 231 ይሆናሉ። አንድ ልጅ እነዚህን ሁሉ እንደ አንድ ረጅም መዝሙር ከያዛቸው፣ አንዷን ለማግኘት መዝሙሩን ከመጀመሪያው መዝለቅ ይኖርበታል። የፊደላችንን አሠራር ካየ ግን ሸክሙ እጅግ ይቀልለታል፤ ካዕቡ ብዙውን ጊዜ በቀኝ ጎኑ አጋማሽ ላይ ጭረት እንደሚያወጣ፣ ሣልሱ ያንኑ ጭረት ወደ እግሩ እንደሚያወርድ፣ ኃምሱ እግሩ ላይ ቀለበት እንደሚያስር አንዴ ካስተዋለ፣ «ቡ»ን እና «ሉ»ን የሚያውቅ ልጅ «ጉ»ን ማንም ሳይነግረው ይደርስባታል። ሥርዓቱን የማይከተሉም አሉ፤ «ሩ» እና «ፉ» ለብቻቸው መጠናት አለባቸው፣ ሳድሱም አንድ ወጥ ሕግ ስለሌለው ከሁሉም ይልቅ ልጆችን ያስቸግራል። እነዚህን ሁለት ሳምንታት የሰጠሁት ለዚህ ነው፤ ጊዜው የባከነ አይመስለኝም።

ይህን እንዳደርግ ያስገደደኝ ግን የራሴ ጥፋት ነው። በ2013 ዓ.ም. 1ኛ ክፍል ሳለች ያስተማርኋት አንዲት ልጅ ነበረች። በመጋቢት 2012 በኮሮና ምክንያት የተዘጋው ትምህርት ቤት በዚያ ዓመት ዘግይቶ ተከፍቶ፣ ልጆቹ በፈረቃ ይመጡ ነበር። ይህንን እንደ ምክንያት ልቆጥረው እችል ነበር፤ ይሁን እንጂ ልጅቷ ስትመጣ ፊት ለፊቴ ትቀመጥ ነበር፣ መጽሐፉን ገልጣ ጣቷን ከመስመር መስመር እያሻገረች አንድም ቃል ሳትስት ስታነብልኝ እሰማት ነበር። በስም መጥሪያዬ ላይ ከስሟ ጎን «ጥሩ አንባቢ» ብዬ ጻፍሁ። ከ1ኛ እስከ 3ኛ ክፍል ተማሪ በቀጥታ የሚዛወርበት አሠራር ስለ ነበር ከእኔ በኋላም ማንም አላቆማትም። ዓምና አንድ ባልደረባዬ ሲታመም ተተክቼ 5ኛ ክፍል ገባሁና እሷን አገኘኋት፤ ደስ ብሎኝ እንድታነብ አስነሣኋት። ከእሷ በፊት የነበረው ተማሪ ያነበበውን አንቀጽ ጣቷን እያንቀሳቀሰች ቃል በቃል ደገመችው። የኔ ጣት ግን የሚያመለክታት ቀጥሎ ያለውን አንቀጽ ነበር። ልጅቷ የሰማችውን ሁሉ የምትይዝ ብርቱ ልጅ ናት፤ አምስት ዓመት ሙሉ በጆሮዋ ነበር የተማረችው።

በአንድ ሥልጠና ላይ፣ በ2002 ዓ.ም. በአገሪቱ በተለያዩ ክልሎች በተካሄደ የንባብ ምዘና ከ2ኛ ክፍል ተማሪዎች መካከል 34 በመቶ የሚሆኑት አንዲት ቃል እንኳ ማንበብ እንዳልቻሉ ተነግሮን ነበር። ያን ጊዜ ያሰብሁት መጽሐፍ ያልደረሳቸውን የገጠር ልጆች ነበር። ከሰሌዳዬ ሦስት እርምጃ ርቃ የምትቀመጠው ልጅ በአእምሮዬ አልመጣችም።

ልጅቷን 5ኛ ክፍል ያገኘኋት ዕለት ማታ ነገሩን ለአባቴ ነገርሁት። አባቴ ጎጃም ውስጥ ከየኔታ እግር ሥር ፊደል የቆጠረ ሰው ነው። ጥቂት ዝም ብሎ «አቡጊዳ አላስቆጠርሻቸውም ማለት ነው» አለኝ። አቡጊዳ የፊደላችን ሌላ ስም ብቻ ይመስለኝ ነበር። እሱ እንዳስረዳኝ የኔታ ተማሪው ሀሁን እንደ ጨረሰ ወዲያው ወደ ንባብ አያሻግሩትም ነበር፤ አስቀድመው «አ ቡ ጊ ዳ ሄ ው ዞ» እያሉ በሌላ ቅደም ተከተል እንደ ገና ያስቆጥሩታል። እያንዳንዷ ፊደል ከሌላ ቤት ትመጣለች፤ አንዷ ግእዝ፣ ተከታይዋ ካዕብ፣ ቀጥላም ሣልስ እየሆነች እስከ ሳብዕ ትዘልቃለች። የሀሁ ዜማ እዚህ አይረዳም፤ ልጁ በስንደዶው የነካትን ፊደል በመልኳ ማወቅ አለበት። ወደ መልእክተ ዮሐንስ የሚገባው ከዚህ በኋላ ነው፤ ዳዊቱም በጊዜው ይከተላል። እኔ በካርቶን ቀዳዳ የምፈልገውን መላ የኔታ ከጥንት ጀምሮ በሥርዓታቸው ውስጥ ይዘውት ኖረዋል። ይህን መስማቴ እስከ ዛሬ ያስደንቀኛል። አሁን 231ዱንም ፊደላት በየካርዱ ጽፌ፣ በየጠዋቱ አደባልቄ፣ ለእያንዳንዱ ልጅ አምስት አምስት አድላለሁ።

ማክሰኞ ዕለት የዚያ የ«ጉ» ልጅ አያት መጡ። ቤተሰቡ በ2016 ዓ.ም. ከፒያሳ ተነሥቶ ከተማው ዳር ገላን ጉራ ነው የሚኖረው፤ ታላቅ እህቱ እዚህ ስለምትማር ግን ልጁንም እዚሁ አስመዘገቡት፤ ስለዚህ በየቀኑ ገና ሳይነጋ ይነሣሉ። ቁርሱን የሚበላው እዚህ ነው፤ የከተማው የተማሪዎች ምገባ በ2012 ዓ.ም. ባይጀመር ኖሮ ይህ ልጅ በመጀመሪያው ክፍለ ጊዜ እንዴት ነቅቶ እንደሚቀመጥ አላውቅም። አያቱ ቅር ብሏቸው «ልጄ፣ ይኼ ልጅ እኮ ፊደል ጨርሶ ነው የመጣው፤ ለምን እንደ ገና ከሀ ታስጀምሪዋለሽ?» አሉኝ። «እማማ፣ ይቀመጡ» ብዬ በልጆቹ ወንበር ላይ አስቀመጥኋቸውና ካርዶቹን ፊታቸው ዘርግቼ ልጁን ጠራሁት። ከአምስቱ ሁለቱን አወቀ። እሳቸው ካርዶቹን አንድ በአንድ እያነሡ ሲያዩ ቆዩና፣ እሳቸውም ፊደል የቆጠሩት በ1971 በተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ማታ ማታ እየተማሩ እንደ ነበር፣ ያን ጊዜ ከዜማው ሲወጡ ፊደሉ ይጠፋባቸው እንደ ነበር በዝግታ ነገሩኝ። ሲሄዱ አሥር ካርዶች በነጠላቸው ጫፍ ቋጥረው ወሰዱ።

ያቺ በጆሮዋ ስትማር የኖረችው ልጅ ዘንድሮ 6ኛ ክፍል ናት፤ በዓመቱ መጨረሻ ከተማ አቀፉን ፈተና ትወስዳለች። ማክሰኞና ሐሙስ ሁሉም ከወጡ በኋላ እኔ ክፍል ውስጥ እንቀመጣለን። ካርዶቹን ከሕፃናቱ ጋር እንድትማር አላደረግሁም፤ ክብሯ ይነካል። ዛሬ ሰሌዳው ላይ «ጉልበት» ብዬ ጻፍሁ። ከዚህ በፊት የመጀመሪያዋን ፊደል አይታ የቀረውን ትገምት ነበር። ዛሬ ግን ሳልነግራት ተነሥታ መዳፏን ቃሉ ላይ አድርጋ ሸፈነችውና አንድ አንድ ፊደል እየገለጠች «ጉ»፣ «ል»፣ «በ»፣ «ት» አለች። መዳፏን አንሥታ ትንሽ አየችው። «ጉልበት» አለች፤ ድምፅዋ ከወትሮው ዝቅ ብሎ ነበር። «ቲቸር፣ ሌላ ይጻፉልኝ» አለችኝ። ጠመኔዬ አልቆ ስለ ነበር ከሰሌዳው ሥር ስባሪ ፈልጋ አመጣችልኝ።